ጉድጓድ ቆፋሪው ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ፤ ክረምቱ ደርሷል፣ ምን ይሻለኛል?

ሰሚት_ጓሮ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። የምታውቁ አማክሩኝ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው። ሰፈራችን የፍሳሽ መስመር አልገባለትም፣ ሁሉም ሰው በጉድጓድ ነው። የእኛ አሮጌ ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ መኪና እየጠራሁ ማስመጠጥ ሰለቸኝ። እናም አዲስ ሴፕቲክ ታንክ ላሠራ ወሰንኩ። ከዋናው ቤት ሽንት ቤትና ከሰርቪሱ ሻወር አዲስ መስመር ተዘርግቶ ወደዚያ እንዲገባ።

ሰውዬውን ደላላ ነው ያመጣልኝ። ግቢውን በእርምጃ ለካ፣ መሬቱን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና «3 በ2፣ ጥልቀቱ 3፣ ቁፋሮውም ቧንቧውም በእኔ» አለኝ። በቁርጥ 85 ሺህ ብር ተስማማን። የእጅ ብቻ ነው፣ ዕቃውን የምገዛው እኔ ነኝ። 40 ሺህ ቀብድ ሰጠሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ሦስት ልጆች አምጥቶ አስቆፈረ፣ እውነት ለመናገር ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሜትር ተኩል ላይ ድንጋይ ወጣ። «እህቴ፣ ይሄ አለት ነው፣ በዶማ አይሆንም፣ 60 ሺህ ጨምሪ» አለኝ። አልጨምርም አልኩ። «እሺ፣ መሣሪያ ላምጣ» ብሎ ወጣ። ይኸው 11 ቀኑ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ትናንት ማታ ያ ሁሉ ዝናብ ዘነበ። ጉድጓዱ እስከ ግማሹ ውሃ ይዟል። የወጣውን አፈር የከመሩት ደግሞ በጎረቤቴ አጥር በኩል ነው። ዛሬ ጠዋት ብሎኬቱ ላይ ስንጥቅ አየሁ፣ እጄ የሚያህል። ትናንት እንዳልነበረ እምላለሁ። ጎረቤቴ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ገና አላዩትም።

የጽሑፍ ውል የለንም። ያለኝ በባንክ የላክሁበት ማስረጃ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ላይ «ለጉድጓድ ቀብድ» ብዬበታለሁ። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ላምጣ ወይስ እሱን ልፈልገው?

ካራ_ነኝ | 2፡58

«በጫማው ረገጥ ረገጥ» የሚለው ጋ ስደርስ የቀረውን ሳላነብ ገባኝ። የእኔ ሰውዬ ደግሞ አፈሩን አንስቶ አሽትቶት ነበር። ደንቆኝ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳወራ ዋልኩ። አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ቀልዱን ልተወውና ግቢው ውስጥ ልጆች አሉ? ጉድጓዱን በምን ሸፈንሽው?

ሰሚት_ጓሮ | 3፡04

ሁለት አሉኝ፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። ቆርቆሮ አንጥፌበት ድንጋይ ጭኜበታለሁ።

ሳይት_መሐንዲስ | 3፡20

ቆርቆሮውን ዛሬውኑ አንሺው። አፉ ላይ የተነጠፈ ቆርቆሮ ለሕፃን መሬት ነው፣ ይረግጠዋል። ቆርቆሮውን ዙሪያውን አቁመሽ እጠሪበት፣ ከአፉ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀሽ። ይሄ እስከ ነገ የሚቆይ ሥራ አይደለም።

ገንዘቡን ለጊዜው እርሺው፤ እኔን ያስፈራኝ አፈሩ ነው። 3 በ2 ሆኖ ሜትር ተኩል ከወረደ 9 ሜትር ኩብ ወጥቷል። እርጥብ አፈር በኩብ ሁለት ቶን ሊጠጋ ምንም አይቀረው። 15 ቶን ምናምን የጎረቤትሽ አጥር ላይ ተደግፏል ማለት ነው። የብሎኬት አጥር ራሱን ችሎ ሊቆም እንጂ ጎኑን የሚገፋውን ሊችል አልተሠራም። በዚያ ላይ ሌላው ጎኑ ጉድጓድ ነው።

አፈሩ ጥቁር ነው አይደል? መረሬ ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያ ሰውዬ በእግሩ ሲረግጠው ሊነግረው የሚገባው ይሄን ነበር።

ነገ ጠዋት አራት የቀን ሠራተኛ ያዢና አፈሩን ከአጥሩ አርቂው። ውሃውን በትንሽ ፓምፕ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ በአንድ ጊዜ እንዳትጨልጪው። ጎኑ የቆመው ግማሹን በውሃው ተደግፎ ነው፤ ውሃው ድንገት ከወረደ ይናዳል። ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይውረድ፣ «እኔ ለምጃለሁ» የሚለውም ቢሆን። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር ተንዶባቸው ሠራተኞች እንደሚሞቱ በዜና የምንሰማው ልክ እንደዚህ ባሉ ጉድጓዶች ነው። ደግ ያልሆነ ነገር ከመጣ እሳትና አደጋ 939 ደውዪ።

ሰሚት_ጓሮ | 3፡26

አዎ ጥቁር ነው፣ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ባለቤቴ አሁን ወጥቶ ቆርቆሮውን እያነሳው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሜሪላንድ_ላይ | 3፡41

እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ፤ ለእናቴ እዚያ አያት ሰፈር ቤት እያሠራሁ ነው። የሁለቱን አገር አሠራር ሳወዳድር ነው የምውለው። እዚህ ግቢህን ከመቆፈርህ በፊት 811 ትደውላለህ። በነፃ መጥተው መሬቱን በቀለም ያሰምሩልሃል፤ ቀይ መብራት፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ፣ ቢጫ ጋዝ። የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው ከስቴቱ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ቅድሚያ ክፍያም በሕግ ከውሉ ሲሶ በላይ መቀበል አይችልም። እህቴ፣ አንቺ እኮ ግማሽ ሊሆን ምንም የማይቀረው ነው የሰጠሽው!

ካራ_ነኝ | 3፡47

ወንድሜ፣ ሰሚት ላይ 811 ብትደውል ማን እንደሚያነሳ እኔም አላውቅም። እኛ ጋ መስመሩን የሚያሳይህ ዶማው ነው። ቱቦ ሲበሳ «አሃ፣ በዚህ በኩል ነበር» ትላለህ።

የሲሶዋ ነገር ግን ተመችታኛለች።

ጋሽ_መፍቻ | 4፡15

ልጄ፣ እኔ ቧንቧ ስሠራ 26 ዓመቴ ነው። ሰውዬውን አላውቀውም፣ ልከላከልለትም አልሻም። መጥፋቱ ነውር ነው። ግን ድንጋይ ሲወጣ ገንዘብ መጠየቁ ነውር አይደለም። ነውሩ ድንጋይ ሊወጣ እንደሚችል እያወቀ ቀድሞ አለመናገሩ ነው። ይህንን ያህል ዓመት ስሠራ ሰው ከሰው ሲጣላ ያየሁት በሦስት ነገር ነው። ድንጋይ ቢወጣ ማን ይከፍላል? ውሃ ቢመነጭ ማን ይቀዳል? አፈሩን ማን ያነሳል? እነዚህን ጠይቀሽው ነበር?

የአፈሩን ልንገርሽ። የእናንተ ጉድጓድ 18 ኩብ ነው። አፈር ግን ሲቆፈር ያብጣል። 18 ኩብ ብለሽ ያስቆፈርሽው መኪና ላይ ሲወጣ 23፣ 24 ይሆናል። አንድ ሲኖትራክ 16 ኩብ ቢይዝ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ምልልስ ነው። ቆፋሪው «እኔ የቆፈርኩት ይሄን ያህል አይደለም» ይላል፣ ባለ መኪናው «የጫንኩትን ነው የምቆጥረው» ይላል፣ ባለቤቷ መሀል ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሁለቱም አልዋሹም እኮ።

ሌላው፣ ቆፋሪና ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ሰው አይደሉም። «ቁፋሮውም ቧንቧውም በእኔ» ያለሽ ሰው አንዱን ያውቃል፣ ሌላውን ቀጥሮ ያመጣል። ያ ደግሞ ከአንቺ ዋጋ ላይ ቆርሶ ነው የሚከፍለው። የቀረችው ትንሽ ስለሆነች ርካሹን ሰው ያመጣል። ቁፋሮውን ለቆፋሪ ስጪ፣ ግንቡን ለግንበኛ፣ መስመሩን ለቧንቧ ሰው። ለአንድ ሰው መስጠት ከፈለግሽ ሁለቱንም ሥራ ሠርቶ የጨረሰበትን ቤት ያሳይሽ። ፎቶ አይደለም፣ ቤቱን። ባለቤቲቱን ደግሞ እሱ በሌለበት አናግሪያት።

ድንጋዩን በምን አወቃችሁት ግን? አለት ነው ወይስ ቋጥኝ?

ሰሚት_ጓሮ | 4፡22

ጋሼ፣ አልጠየቅኩትም። ሦስቱንም። አለት ነው ያለኝ እሱ ነው። ውሃው ስለሸፈነው አሁን አይታይም።

ጋሽ_መፍቻ | 4፡30

ውሃው ሲወጣ 16 ፌሮ፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉን አሹለው በአራቱም ማዕዘንና በመሀሉ በመዶሻ ይምቱት። ከላይ ሆነው። በአንዱ ቦታ ብቻ የሚነጥር ከሆነ ቋጥኝ ነው፤ ጉድጓዱን ትንሽ ገፋ ማድረግ ይበቃል። አምስቱም ቦታ ከነጠረ አለት ነው፤ ያኔ ጃክ ሀመር ነው፣ የድንጋይ መስበሪያው ማሽን።

ውል_ይቅደም | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ማታ አንብቤው አደርኩ። ስለ ገንዘቡ ማንም አልተናገረም፣ እኔ ልበል።

እህቴ፣ ባንክ ላይ የጻፍሽው «ቀብድ» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። አንቺ 40 ከሰጠሽ እሱ 80 ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው እኔ ሰው ውል ሲያጽፍ «ቀብድ ነው የምትሉት ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?» ብዬ የምጠይቀው። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሥራው ከቀረ የሚመለሰው ራሱ ብሩ ነው።

ነገር ግን ከአሁኑ 80 ሺህ እቆጥራለሁ እንዳትዪ። የዋጋውን ግማሽ የሚጠጋ ገንዘብ ስለሆነ እሱ «ቅድሚያ ክፍያ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ሁለት ቀን ማስቆፈሩንም ይቆጥርልሻል። ክርክሩ ይኸው ነው። ወረቀቱ ግን ከእጅሽ አይጥፋ። ዛሬ በጽሑፍ መልእክት ላኪለት፤ ቀን ቆርጠሽ፣ «እስከ ሐሙስ ካልመጣህ ውሉን እንዳፈረስክ እቆጥራለሁ» ብለሽ። ስድብ አትጨምሪ። ጉድጓዱን ዛሬ ባለበት ሁኔታ ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው፤ ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ በኋላ የማን ሥራ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ደላላውንም አትልቀቂው። ኮሚሽን በልቷል፣ ሰውዬው የት እንደሚገኝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የአጥሩን ጉዳይ ለጎረቤትሽ ራስሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ራሳቸው ሲያዩት ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ ሕግ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 3039 መሠረት የግንባታ ሥራ የወሰደ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላ ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ማን እንደሠራው የሚያሳይ ወረቀት ከሌለሽ 10 ዓመቱን የምትቆጥሪው በማን ላይ ነው?

አዲስ_ገቢ | 4፡02

ውይይቱን ላበላሽ አይደለም፣ ይቅርታ። እኔ ቁፋሮ የለብኝም፣ የቤት ውስጥ ቧንቧ ነው የማስቀይረው። የድሮው ብረት ዝጎ ውሃው ቡናማ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሦስት ሰው ዋጋ ሰጠኝ፣ ሦስቱም «ፒፒአር ነው የምንሠራው» አሉ፣ ፕላስቲክ ቧንቧውን ማለታቸው ነው። ጎበዙን ከሰነፉ በምን ልለየው?

ጋሽ_መፍቻ | 6፡30

አልረበሽክም። ምሳ ሰዓት ነው፣ እጄን ታጥቤ ልጻፍልህ።

ፒፒአር ክር የለውም፣ ማጣበቂያም የለውም። በማሽን ሁለቱም ጫፍ ይሞቅና አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ 260 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። ባለ 20ው ቧንቧ ማሽኑ ላይ 5 ሰከንድ ይቆያል፣ ባለ 25ቱ 7፣ ባለ 32ቱ 8። ጎበዙ ልጅ በአፉ ይቆጥራል። በቀጥታ ይገፋዋል፣ አያሽከረክረውም፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይዞት ይቆያል። መገጣጠሚያው ዙሪያ እኩል የሆነች ቀለበት ትወጣለች። ሰነፉ እንዳይፈስበት ፈርቶ አብዝቶ ያሞቀዋል። አይፈስም፣ እውነት ነው። ግን የቀለጠው ወደ ውስጥ ገብቶ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ከዓመት በኋላ «ሻወሩ ለምን ደከመ?» ትላለህ፤ ፓምፕ ይሸጡልሃል፣ ፓምፑም አይፈታውም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የሚያደርገውን እይ። ማሽኑ እየቀዘቀዘ «አንዷን ልጨርስ» ብሎ የሚገጥም ሰው አለ። ያቺ አንዷ ናት ሴራሚክ የምታስፈርስህ።

ለአንተ የምመክርህ አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳው ሳይለሰን፣ ሴራሚኩ ሳይለጠፍ፣ በግፊት ይፈተን። የእጅ ፓምፕ አለ፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው፣ ትልቅ ነገር አይደለም። መስመሩን ሁሉ ደፍኖ እስከ 10 ባር ይወጠራል፣ ሰዓቱ ዝቅ ይላል አይልም ብለህ ትጠብቃለህ። «እኔ ስሠራ አይፈስም፣ ፈተና አያስፈልገውም» ያለህን ሰው ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ጣሪያ ላይ ከሮቶው የሚወርደውን ደግሞ ፀሐይ እንዳያገኘው ይሸፍነው፤ ፒፒአር ፀሐይ አይወድም።

አሁን ደግሞ የእኛንም ወገን ስሙ። ደንበኛው ከመርካቶ በጣም ርካሹን ዕቃ ገዝቶ ይመጣል፣ ሲፈስ «አንተ ነህ» ይባላል። ሲንኩ እዚህ ይሁን ብሎ ካስበሳ በኋላ ባለቤቱ መጥታ «አይ፣ እዚያ ነው» ትላለች፣ ሁለተኛው መብሳት በነፃ ነው። የመጨረሻዋ ክፍያ ደግሞ «ሳምንት ና» ናት። ስንት «ሳምንት ና» እንደያዝኩ ባወራ እዚህ ቦታ አይበቃም። ብዙው ባለሙያ ቀብድ ከፍ አድርጎ የሚጠይቀው ሌባ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ የቀረችውን እንደማያገኛት ስለሚያውቅ ነው።

ሜሪላንድ_ላይ | 7፡15

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ አንቀጽ ነካችኝ። እኔም አንዱን በቴሌግራም «ፎቶ ላክ፣ እከፍላለሁ» እያልኩ ሁለት ወር አንከራትቼዋለሁ። ሥራው ጥሩ ነበር እንጂ። ዛሬ ማታ እልክለታለሁ።

ሳይት_መሐንዲስ | 9፡05

ሰሚት ጓሮ፣ አፈሩ ተነሳ? ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የውሃ መስመራችሁና የምድር ታንከራችሁ በየት በኩል ነው? አዲሱ የፍሳሽ መስመር የሚሄድበትን አስቢው።

ሰሚት_ጓሮ | ከምሽቱ 1፡50

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ዋልኩ። በባሬላ ሲመላለሱ ዋሉ፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሯል። መኪናችን ውጭ ነው የሚያድረው።

እማማን ጠዋት ጠርቼ ስንጥቁን አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት፣ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ አጥር ሲሠራም ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆኛል» አሉ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ክረምቱ ሲወጣ አብረን እናሳድሰዋለን ተባባልን።

መሐንዲስ፣ የጠየቅሽኝ ነገር አስደነገጠኝ። ሰውዬው ፍሳሹንም፣ ከቆጣሪው ወደ ሰርቪስ የሚሄደውን ንጹሕ ውሃም በአንድ ቦይ ሊያወርዳቸው ነበር። «ሁለቴ ከምንቆፍር» ብሎኝ፣ እኔም ቆጣቢ ሰው ነው ብዬ ተደስቼ ነበር። የምድር ታንከሩ ከአዲሱ ጉድጓድ 4 ሜትር አይሞላም።

ሳይት_መሐንዲስ | 2፡10

እንኳን ጠፋ!

ስሚኝ። ውሃ 24 ሰዓት በሚሄድበት ከተማ ቧንቧው ሁሌም በግፊት የተሞላ ነው፣ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው። እኛ ጋ ግን በፈረቃ ነው። ውሃው ሲሄድ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ቧንቧ ደግሞ ይስባል። አጠገቡ የሚያንጠባጥብ የፍሳሽ ቱቦ ካለ በዚያችው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባል። በነጋታው ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያዋን ባልዲ ማን ይጠጣታል?

ሁለቱ በተለያየ ቦይ ይሂዱ። የግድ መቋረጥ ካለባቸው ንጹሑ ከላይ፣ ፍሳሹ ከታች። ጉድጓዱንም ከታንከሩ አርቂው፣ በተቻለ መጠን ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጎን። ቆፋሪው ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር ከነካ ደግሞ ራሳችሁ እንዳትጠግኑት፣ 906 ደውላችሁ ውሃና ፍሳሽን ጥሩ።

ካራ_ነኝ | 2፡18

እኔ ለምሳሌ ይሄን ዛሬ ነው የሰማሁት። ተነስቼ የእኛን ቦይ በባትሪ ላየው ነው። ማታ ነው፣ ጎረቤት ሌባ እንዳይለኝ ጸልዩልኝ።

የስካቫተር_ልጅ | 2፡45

ሁላችሁም ዶማ ዶማ ትላላችሁ። ትንሽ ስካቫተር አስገቡ እንጂ! ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ጋሽ_መፍቻ | 2፡59

የግቢው በር ስፋት ስንት ነው ብለህ ጠይቃት መጀመሪያ። ማሽኑ በሰዓት ነው፣ ዝቅተኛ ሰዓት አለው፣ ማመላለሻው ለብቻው ነው። ለ18 ኩብ ከምታመጣው ሁለት ጎበዝ ልጆች ይሻሉሃል። ደግሞ ማሽን ልክ አያውቅም፤ ሦስት ሜትር ስትለው ሦስት ተኩል ወርዶ ታገኘዋለህ። ትርፉ በልቅ አፈር ሲሞላ ወለሉ ይሰምጣል።

የስካቫተር_ልጅ | 3፡06

ኧረ ጋሼ፣ ኦፕሬተሩ ነው ልክ የማያውቀው እንጂ ማሽኑ ምን አደረገ። ሰፊ በር ላለው ሰው ነው የተናገርኩት።

ሰሚት_ጓሮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ዜና አለኝ።

ረቡዕ ውሃው አለቀ። ባለቤቴ ከላይ ሆኖ ፌሮውን አምስት ቦታ መታ። አራቱ ቦታ ላይ ሙሉ ለሙሉ ገባ። አንዱ ብቻ፣ በታንከሩ በኩል ያለው ማዕዘን፣ ነጠረ። አለት የተባለው ትልቅ በግ የሚያህል ድንጋይ ነው! 60 ሺህ የተጠየቅኩበት እሱ ነው።

ሐሙስ ደግሞ ሰውዬው ራሱ መጣ። ደላላው ነው ያመጣው፣ መልእክቱን አንብቦ ኖሯል። እልህ ይዞኝ ነበር፣ ሳየው ግን ተውኩት። ሌላ ሥራ ይዞ እዚያም ገንዘብ አልከፈሉትም። ልጆቹን ከእኔ በወሰደው ቀብድ ነው የከፈላቸው። ትክክል ነው አልልም። ውል ይቅደም የነገረኝን አንቀጽ ግን ጠቀስኩለት፣ ፊቱ ተለወጠ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ቧንቧውን ይተወው፣ ቁፋሮውን ብቻ ይጨርስ። ጉድጓዱ ከታንከሩም ከአጥሩም እንዲርቅ ወደ ታችኛው ጎን ተዛውሮ ከአዲስ ይቆፈራል፣ ይሄ የተጀመረው በራሱ አፈር ይደፈናል፣ በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ። የሰጠሁት 40 ሺህ ለዚህ ሁሉ ይበቃል ተባለ። ድንጋይ ቢወጣ በቀን ሒሳብ፣ አብረን አይተን። አፈር ማንሳት በእኔ። ጎኑን በጣውላ እየደገፈ ይወርዳል፣ ዝናብ ካለ ሥራ የለም። በጽሑፍ ነው፤ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል፣ አንዷ እማማ ናቸው።

ውል_ይቅደም | 1፡42

እማማን ምስክር ማድረግሽን ወድጄዋለሁ። እሳቸው የሲሚንቶውን ሌባ እንኳ እስካሁን አልረሱም።

ጋሽ_መፍቻ | 2፡05

ጎሽ ልጄ። አሁን የመስመሩን ነገር። ከሽንት ቤቱ እስከ አዲሱ ጉድጓድ ስንት ሜትር ሆነ?

ሰሚት_ጓሮ | 2፡11

14 ሜትር፣ አንድ ማጠፊያ አለው።

ጋሽ_መፍቻ | 2፡30

ባለ 110 ቱቦ ይሁን። በሜትር ሁለት ሳንቲም ካወረድሽው 14ቱ ላይ 28 ሳንቲም ነው። ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጠር፣ በውሃ ልክ ይታይ፤ በዓይን «ይወርዳል» የሚል ሰው አይንካው። ማጠፊያው ላይ አንድ ባለ 90 ሳይሆን ሁለት ባለ 45 ይግቡ፣ እዚያው ላይ ማንሆል ይኑረው። ከሥሩ 10 ሳንቲም አሸዋ ይነጠፍ፤ መረሬ ላይ በቀጥታ የተኛ ቱቦ ክረምትና በጋ ሲገፋውና ሲለቀው ይሰበራል። የትንፋሽ ቧንቧም አይረሳ፣ አለበለዚያ ሽንት ቤቱ በተለቀቀ ቁጥር ሻወሩ ይንቆረቆራል፣ ሽታውም ቤት ይገባል።

አሮጌውን የሽንት ቤት ጉድጓድ ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። አስመጥጠሽ ብታስደፍኚም «ውስጡን ላየው» ብሎ የሚወርድ ሰው አይኑር። ጋዙ መጀመሪያ ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዘዋል፤ ሰው «ሽታው ሄደ» ብሎ ይወርዳል። እሱን ሊያወጣ የወረደውም አይወጣም። አንድ የማውቀው ልጅ ነበር፣ ስሙን አልጠራም።

አፈር ከመመለሱ በፊት ደግሞ ውሃ ይለቀቅበትና ልየው። ከሰሚት ሩቅ አይደለሁም፣ ለማየት ገንዘብ አልጠይቅም። መስመሩን ልሥራ ካልሽኝ ግን ዋጋዬን እነግርሻለሁ።

ሰሚት_ጓሮ | 2፡38

ጋሼ፣ እርስዎ ይሥሩልኝ እንጂ! ሲሶ ቅድሚያ እልካለሁ፣ ሜሪላንድ እንዳለው። ሲሶው ቱቦው ተዘርግቶ ሲያልቅ፣ የቀረው ውሃ ተለቆበት ከታየ በኋላ፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት። «ሳምንት ና» የለም።

ጋሽ_መፍቻ | 2፡44

ይሁን። ጉድጓዱና ግንቡ ሲያልቅ ደውዪልኝ። ለሙከራው ብዙ ውሃ ነው የሚያስፈልገን፣ ሮቶው ሙሉ ይሁን። የእናንተ ፈረቃ መቼ ነው?

ሰሚት_ጓሮ | 2፡47

ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት። ከመጣ።

ጋሽ_መፍቻ | 2፡49

እንግዲያው ረቡዕ ጠዋት ነው የምመጣው። ማክሰኞ ማታ ልብስ እንዳታጥቢ።